መልሱ ከቤታችሁ ያለ ጥያቄ

ሳምንታዊ የአድማጮች ትምህርታዊ ዝግጅት

(የዋሽንት ዜማ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

 ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ፣ ከአዲስ ቅዳም እስከ ቲሊሊ፣ ከግምጃ ቤት እስከ ቻግኒ፣ የዕለት ተግባራችሁን ፈጽማችሁ፣ ከብቱን ከበረቱ አስገብታችሁ፣ እሳት ከብባችሁ ወይም ከመብራቱ ሥር ተሰብስባችሁ ይህን ዝግጅት ለምትከታተሉ ሁሉ፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ እንቆቅልሽና ልቡናን ስለሚፈትኑ ጥያቄዎች ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለምናችኋለን። በንግግራችን መካከል ዝም የምንልበት ጊዜ ይኖራል። ያ ዝምታ ለእናንተ ማሰቢያ ተብሎ የተተወ ስለ ሆነ ሬዲዮውን አትነካኩት። መልሱን የሚያውቅ ሰው በአጠገባችሁ ቢኖርም ጥቂት ይታገሥልን፤ ይልቁንም ታላላቆቹ ለታናናሾቹ ፋታ ስጧቸው።

እንግዲያስ እንጀምር። እንቆቅልሽ!

(አጭር ዝምታ)

«ምን አውቅልሽ» ብላችሁ የመለሳችሁ ሁሉ ወደ ጨዋታው ገብታችኋል። ሲሄድ ውሎ፣ ሲሄድ ቢያድር፣ ድካም የማያውቀው ምንድን ነው?

(ዝምታ፤ 10 ሰከንድ)

ወንዝ ነው። ይህ እንቆቅልሽ ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ የመጣ ስለ ሆነ ብዙዎቻችሁ ጥያቄው ሳይፈጸም መልሳችሁታል። ነገር ግን እስቲ ራሳችሁን መርምሩ፤ አሁን የመለሰው የማሰብ ኃይላችሁ ነው ወይስ የማስታወስ ኃይላችሁ? ትናንት የሰማውን ዛሬ የሚደግም ሰው መልካም ትዝታ አለው እንላለን እንጂ፣ አእምሮው ተፈትኖ አለፈ ለማለት አንችልም።

የዛሬው ንግግራችን ዋና አሳብ የሚከተለው ስለ ሆነ ልብ ብላችሁ ስሙን። እውነተኛ እንቆቅልሽ የሚጠይቀው፣ ፈቺው በየቀኑ እያየው ነገር ግን ሳያስተውለው የሚያልፈውን ነገር ነው። እንደገና እንበለው፤ የመልካም እንቆቅልሽ መልስ ከፈቺው ቤት ውስጥ ያለ ነው። ፈቺው የሚጐድለው ዕውቀት የለም፤ የሚጐድለው፣ የሚያውቀውን ነገር ባልለመደው በኩል ዞሮ መመልከት ብቻ ነው።

ወደ ወንዙ ጥቂት እንመለስ። አንድ ልጅ «ወንዝ» በማለት ፈንታ «ነፋስ ነው» ብሎ ቢመልስ፣ እኅቱም «የለም፣ የግድግዳ ሰዓት ነው» ብትል፣ ምን ትሏቸዋላችሁ?

(አጭር ዝምታ)

በብዙ ቤት፣ በብዙ ትምህርት ቤትም ጭምር፣ «ተሳስታችኋል» ተብለው ዝም እንደሚሰኙ እናውቃለን። ይህ እጅግ የሚያሳዝነን ነገር ነው። ሰዓቱም እኮ ሲሄድ ይውላል፣ ሲሄድም ያድራል፣ አይደክምም፤ ልጅቱ ከወንዝ ዳር ያላደገች፣ ነገር ግን ከግድግዳ ሰዓት ሥር ያደገች እንደ ሆነች፣ ከቤቷ ያለውን ነገር አስተውላ መልሳለችና ምስጋና እንጂ ተግሣጽ አይገባትም። መምህራን፣ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ የጥያቄውን ቃል ሁሉ የሚያሟላ አዲስ መልስ የሚያመጣ ልጅ የተለመደውን መልስ ከሚደግመው ልጅ የበለጠ አስቧል። ጠያቂው ወንዝን ብቻ ፈልጎ እንደ ሆነ፣ «ከሄደበት የማይመለስ» ብሎ አንድ ቃል ይጨምር፤ ያን ጊዜ የሰዓቱ ዘንግ ዞሮ ከነበረበት ስለሚመጣ ከውድድሩ ይወጣል።

ነፋስስ? ነፋስ ከሄደበት ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ይህን ከቤተ ሰባችሁ ጋር ተከራከሩበት።

(የዋሽንት ድምፅ፤ ጥቂት)

ሁሉም እንቆቅልሽ መልካም ነውን? አይደለም። ለዚህ አብነት የሚሆነንን ከቅዱሳት መጻሕፍት እናምጣ። በመጽሐፈ መሳፍንት በ14ኛው ምዕራፍ ስለ ሶምሶን ተጽፏል። ሶምሶን ወደ ተምና ሲወርድ በመንገድ ላይ አንበሳ ገደለ፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ተመልሶ ቢያይ ከአንበሳው ሬሳ ውስጥ ንብ ሰፍሮ ማር ሠርቶበት አገኘ፤ ከማሩም በላ፤ ነገሩን ግን ለአባቱና ለእናቱ እንኳ አልነገረም። በሠርጉ ጊዜ 30 ሚዜዎች ተሰጥተውት ነበርና፣ ያየውን ነገር በእንቆቅልሽ ሰውሮ ጠየቃቸው፤ በ7ቱ የግብዣ ቀናት ውስጥ ቢፈቱለት 30 የበፍታ ቀሚስና 30 ልውጥ ልብስ ሊሰጣቸው፣ ባይፈቱለት ደግሞ እነርሱ ያንኑ ያህል ሊሰጡት ተወራረዱ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። እነዚያ ሚዜዎች ቢያስቡ፣ ቢያሰላስሉ፣ እንቅልፍ አጥተው ቢያድሩ፣ ሶምሶን ብቻውን በመንገድ ዳር ያየውን ሊያውቁ ይችሉ ነበርን?

(ዝምታ)

አይችሉም ነበር። መልሱ ከቤታቸው አልነበረም፤ ከሶምሶን ልብ ውስጥ ብቻ ነበረ። ጥበብ የማይፈታውን ጥያቄ ኃይል ይፈታው ዘንድ ተነሡ፤ ሙሽራይቱን ከነአባቷ ቤት በእሳት እናቃጥልሻለን ብለው አስፈራሯት፤ እርሷም በባሏ ፊት እያለቀሰች ምሥጢሩን አወጣችው፤ ሶምሶንም ተቈጥቶ ወደ አስቀሎና ወረደና 30 ሰው ገድሎ በልብሳቸው ዕዳውን ከፈለ። ስለዚህ በእኛ አስተያየት የሶምሶን ጥያቄ ምሥጢር ነው እንጂ እንቆቅልሽ አይደለም። ምሥጢር ካልተነገረ በቀር አይታወቅም፤ እንቆቅልሽ ግን ማንም ሳይነግረን፣ ተቀምጠን በማሰብ ብቻ የምንደርስበት ነው።

ከዚህ ጋር ደግሞ የንግሥተ ሳባን ታሪክ አስተያዩት። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በ10ኛው ምዕራፍ፣ ንግሥቲቱ የሰሎሞንን ጥበብ በእንቆቅልሽ ልትፈትን እንደ መጣችና ንጉሡም የጠየቀችውን ሁሉ እንደ ፈታላት ይናገራል፤ ጥያቄዎቿን ግን አንድ በአንድ አልዘረዘረልንም። የእኛው ክብረ ነገሥት ታሪኩን አስፍቶ ሲተርክ ፈታኙን ንጉሡን ያደርገዋል። ንግሥቲቱ ማክዳ ከሰሎሞን ቤተ መንግሥት ከማደሯ በፊት፣ እርሱ በግድ እንዳይደርስባት፣ እርሷም ከቤቱ አንዳች ነገር በግድ እንዳትወስድ ተማማሉ። ንግሥቲቱ በልቧ ወርቁንና ብሩን አስባ ሳትቸገር ማለች። በእራት ላይ ግን ውሃ የሚያስጠማ ምግብ ቀርቦላት ስለ ነበር፣ በሌሊት ተነሥታ ውሃ ልትጠጣ ስትል ንጉሡ እጇን ያዘ፤ ከሰማይ በታች ከውሃ የሚበልጥ ሀብት ምን አለ ሲልም ሞገታት።

ታስተውላላችሁን? የመሐላው መፍቻ በየቤቱ፣ በየእንስራው ያለው ውሃ ነበር። ባለ ብዙ ሀብቷ ንግሥት ወርቁን ስታስብ፣ በየቀኑ የምትጠጣውን ነገር ሳታስተውለው ቀረች። በግሪኮችም ተረት፣ ራሷ የሴት፣ አካሏ የአንበሳ የሆነች ስፊንክስ የምትባል ፍጥረት በጧት በ4፣ በቀትር በ2፣ በማታ በ3 እግር የሚሄደው ማን ነው እያለች መንገደኛውን ትጠይቅ ነበር ይባላል። መልሱ ሰው ነው፤ በሕፃንነቱ ይድሃል፣ በጐልማሳነቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሲያረጅ ምርኩዝ ይይዛል። የተጠየቀው መንገደኛ መልሱን በገዛ ራሱ ተሸክሞት ነበር።

(የዋሽንት ድምፅ፤ ጥቂት)

አሁን ደግሞ ወደ ጨዋታው ሥርዓት እንግባ። ፈቺው አስቦ አስቦ ሲያቅተው በሀገራችን ልማድ ምን ይደረጋል?

(አጭር ዝምታ)

አዎን፣ ጠያቂው «ሀገር ስጠኝ» ይላል። ፈቺውም «ጎንደርን ሰጠሁህ» ወይም «ሐረርን ሰጠሁህ» ይለዋል። ጠያቂው ሀገሩን ተረክቦ፣ በዚያ ሀገር ምን እንደ በላ፣ ምን እንደ ጠጣ፣ በምን ዓይነት በቅሎ እንደ ተቀመጠ እየዘረዘረ ጥቂት ይመካል፤ ከዚያ በኋላ መልሱን ይናገራል። ይህ ሥርዓት ታላቅ ጥበብ ያለበት ሆኖ እናገኘዋለን። አላውቅም ማለት ዋጋ ያስከፍላል፤ ያለ ዋጋ መልስ የለምና። ዋጋው ግን የሚያሳፍር ወይም የሚያስለቅስ አይደለም፤ ከዳንግላ ወጥቶ የማያውቅ ሕፃን ሐረርን የሚያህል ሀገር ሰጥቶ፣ እጁ ሳይጐድል፣ ለሚቀጥለው ጥያቄ ይዘጋጃል። ሐረርን የተቀበለውም ልጅ ሐረር ምን እንደሚበቅልባት ካላወቀ ሊመካባት አይችልምና፣ የጂኦግራፊ ትምህርት ከምድጃው ዳር ሲሰጥ እናያለን።

ስለዚህ ልጆቻችሁ ሲያቅታቸው ፈጥናችሁ መልሱን አትንገሯቸው። ሀገር እስኪሰጡ ድረስ ያስቡ። ሀገር ከሰጡም በኋላ፣ በሚመካው ልጅ ንግግር መካከል፣ መልሱ በድንገት የሚበራላቸው ብዙ ናቸውና ያን ጊዜ «ሀገሬን መልስ» ቢሉ ፍቀዱላቸው።

ስለ እንቆቅልሽ ስንናገር በጎጃም ምድር ተቀምጠን ቅኔን ሳናነሣ ማለፍ ነውር ይሆንብናል። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ የቅኔ ጉባኤያት ስማቸው በሀገሪቱ ሁሉ የታወቀ ነው። ተማሪው ከባልንጀሮቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ጥግ ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል፤ በ2 ቤት ከሚፈጸመው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ ረጅሙ ወደ መወድስ ይወጣል፤ የቈጠረውንም ለየኔታ አቅርቦ ይታረማል። የቅኔው መልክ ሰም ይባላል፤ በውስጡ ያለው ፍች ደግሞ ወርቅ። በእንቆቅልሽም ዘንድ የሚነገረው ቃል ሰም ነው፤ መልሱ ወርቅ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልንይዘው የሚገባን ግን ይህ ነው። ባለ ቅኔ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ አይደግምም፤ ለየበዓሉ፣ ለየማኅሌቱ አዲስ ቅኔ ያስፈልጋል። የቅኔ ቤት ሊቃውንት አእምሮን የሚስሉት በማስታወስ ሳይሆን በመፍጠር ነው። እኛስ ስለ ምን እንቆቅልሹን ከአያቶቻችን እንደ ተቀበልነው ብቻ እንደግመዋለን? እነርሱ እኮ በዘመናቸው ወንዙን፣ ጭሱን፣ እንቁላሉን ዓይተው አዲስ የፈጠሩ ናቸው።

(አቅራቢው በዝግታ)

ስለዚህ ለዛሬው ዝግጅት ከዚሁ ከአካባቢያችን ሦስት አዳዲስ እንቆቅልሾች አሰናድተናል። ቀድሞ አልሰማችኋቸውምና ትዝታ አይረዳችሁም። የመጀመሪያው እነሆ፤

አጥንቱ ከውጭ፣ ሆዱ ባዶ፣ ጉልበቱ ብዙ፤ በአንድ ክረምት ቁመቱን ጨርሶ፣ የቀረ ዘመኑን በመጠንከር የሚፈጽም ማን ነው?

(ዝምታ፤ 15 ሰከንድ)

እንደግመዋለን። አጥንቱ ከውጭ፣ ሆዱ ባዶ፣ ጉልበቱ ብዙ፤ በአንድ ክረምት ቁመቱን የሚጨርስ።

(ዝምታ)

ቀርከሃ ነው። በእንጅባራ ዙሪያ ከየግቢው በስተጓሮ ቆሞ የምናየው፣ አጥር፣ ወንበር፣ አልጋ፣ የቤት ማገር የሚሆነው ቀርከሃ። ቡቃያው በክረምት ከመሬት ብቅ ካለ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ያገኛል፤ ከዚያ ወዲያ አይረዝምም፤ ለሥራ የሚሆነውን ጥንካሬ እስኪያገኝ ግን ጥቂት ዓመታት ይቆያል። ይህን ቀርከሃ የሚሠሩ ባለ እጆች ሁሉ ያውቁታል። «ጉልበቱ ብዙ» ያልነውን ስትሰሙ ኃይለኛውን ሰው ሳታስቡ አልቀራችሁም፤ ያ ሰሙ ነበር፤ ወርቁ ግን በግንዱ ላይ እየተደራረበ የወጣው አንጓ ነው።

ሁለተኛው እንዲህ ይላል። ራሷ ከላይ አብባ ስትደርቅ፣ ልጆቿን ከታች ደብቃ ያሳደገች እናት ማን ናት?

(ዝምታ፤ 10 ሰከንድ)

ድንች ናት። በአዊ ምድር ድንች ያላወጣ እጅ ጥቂት ስለ ሆነ ይህን ፈጥናችሁ እንደምትፈቱት አምነናል። አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ ጣልቃ እናግባ። ድንች ወደ ሀገራችን የገባው ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ አማካይነት፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1858 ገደማ ነው ተብሎ ይነገራል። ከዚያ በፊት የነበሩ አያቶቻችን ስለ ድንች እንቆቅልሽ ሊኖራቸው አይችልም ነበር ማለት ነው። አዲስ ነገር ወደ ቤት በገባ ቍጥር አዲስ እንቆቅልሽ የሚገባው ሥፍራ አለ። ዛሬ በኪሳችሁ ስለ ያዛችሁት ስልክ፣ በመንገዱ ስለሚያልፈው ባጃጅ፣ በጣሪያው ላይ ስለ ተሰቀለው የፀሐይ መብራት ማን እንቆቅልሽ ሠራላቸው?

ሦስተኛውን ስሙ። እሳት ቈፈረው፣ ውሃ ወረሰው፤ ደን ዙሪያውን ዘበኛ ቆመለት። ይህ ምንድን ነው?

(ዝምታ፤ 15 ሰከንድ)

ለእንጅባራ ሰዎች እንረዳችሁ። ከእናንተ ሩቅ አይደለም።

(ዝምታ)

ዘንገና ሐይቅ ነው። ዘንገና በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ የፈነዳ እሳተ ገሞራ በቈፈረው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ሞልቶ የተፈጠረ ሐይቅ ነው፤ አፉ ክብ የሆነውም ስለዚህ ነው። አሁን በሶምሶን ላይ የፈረድንበትን ሕግ በዚህ ጥያቄ ላይ እናሳርፈው። ይህ እንቆቅልሽ ትክክለኛ ነውን? የእሳተ ገሞራን ነገር በትምህርት ቤት ለተማረ ሰው ትክክለኛ ነው፤ ሐይቁን በየቀኑ እያየ አመጣጡን ላልሰማ ሕፃን ግን አይደለም። እንቆቅልሽ ለአድማጩ ይመዘናል። ጠያቂው አስቀድሞ በፈቺው ቤት ምን እንዳለ ማወቅ አለበት፤ ለመምህራን ይህ ከማንም በላይ የሚጠቅም ሕግ ነው።

ከዘንገና ጥቂት እንራመድና ወደ ጎረቤታችን ወደ ሰከላ፣ ወደ ግሽ ዓባይ እንሻገር። በአውሮፓ ላቲን በሚናገሩ ሊቃውንት ዘንድ የዓባይን ራስ መፈለግ የማይሆን ነገር መመኘት ተብሎ ይተረት ነበር። የዓለም ታላቅ እንቆቅልሽ ይህ ነበረ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ የኢየሱሳውያን ካህን በ1618፣ ጄምስ ብሩስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ደግሞ በ1770፣ ሁለቱም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ወደ ግሽ ደርሰው ምንጩን አይተው ጻፉ። ነገር ግን የግሽ ሰዎች፣ በዚያ ዘመን በዚያ ይኖሩ የነበሩት አገዎች፣ ከምንጩ ዳር ተወልደው ከምንጩ ዳር ያረጁ፣ ሥፍራውንም በቅድስና የሚያከብሩ ነበሩ። ለሌላው ዓለም እንቆቅልሽ የሆነው ነገር ለእነርሱ የማለዳ ውሃ መቅጃ ነበረ።

(የዋሽንት ድምፅ፤ ጥቂት)

እስካሁን ያየነው አንድን ነገር በመልኩ እንድንፈልግ የሚያደርግ እንቆቅልሽ ነው። ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ፤ እርሱም ነገርን በቅደም ተከተል ማሰናዳት የሚጠይቅ ነው። አንድ ሰው ነብር፣ ፍየልና አንድ እስር ቅጠል ይዞ ከጣና ዳር ደረሰ። ታንኳይቱ ትንሽ ስለ ሆነች ከእርሱ ጋር አንዱን ብቻ ትይዛለች። ነብሩን ከፍየሉ ጋር ትቶ ቢሄድ ነብሩ ፍየሉን ይበላዋል፤ ፍየሉን ከቅጠሉ ጋር ቢተው ፍየሉ ቅጠሉን ይጨርሰዋል። ሦስቱንም ሳይጐዱ እንዴት ያሻግራቸው?

ጠጠር ወይም ባቄላ አንሡና ከመሬት ላይ እያዛወራችሁ ሞክሩ።

(ዝምታ፤ 20 ሰከንድ)

ብዙ ሰው መጀመሪያ ፍየሉን ማሻገር እንዳለበት ፈጥኖ ያገኘዋል፤ ነብርና ቅጠል ቢተዉ አይጐዳዱምና። የሚቸገረው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛ ነብሩን ቢያሻግር ማዶ ላይ ፍየሉን ያገኘዋል፤ ቅጠሉን ቢያሻግርም ፍየሉ ይበላዋል። መውጫው ብዙዎች የማያስቡት አንድ ሥራ ነው፤ ይኸውም ያሻገሩትን መልሶ ማምጣት። ነብሩን አድርሶ ሲመለስ ፍየሉን ይዞ ይመለስ፤ ፍየሉን ከወዲህ ትቶ ቅጠሉን ወደ ነብሩ ያድርስ፤ በመጨረሻ ባዶውን ተመልሶ ፍየሉን ይውሰድ። ወደፊት ለመሄድ ወደ ኋላ መመለስን የሚጠላ ልቡና ይህን ጥያቄ አይፈታውም። ስንፈታ እልህ የሚይዘንም ለዚህ ነው፤ የተሻገረውን መመለስ ሥራ ማፍረስ ይመስለናል።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በንጉሥ ሻርለማኝ ቤተ መንግሥት ያስተምር የነበረው፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ804 ያረፈው እንግሊዛዊ ሊቅ አልኵዊን የወጣቶችን አእምሮ ለመሳል አሰናድቶታል በሚባለው የጥያቄዎች መጽሐፍ ውስጥ፣ ተኵላ፣ ፍየልና ጎመን ሆኖ ይገኛል። በብዙ የአፍሪካ ሀገሮችም እንስሳቱ እየተለወጡ ይነገራል። ሁሉም በየሀገሩ አውሬ፣ በየሀገሩ ቅጠል ጠየቀው።

የመጨረሻው ምሳሌያችን ፈረስ ነው። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በደመቀ ሥርዓት በዓሉን በሚያከብርበት ምድር፣ ይህን ጥያቄ በግመል መናገር አይገባንም፤ በምሥራቅ ሀገሮች ግን በግመል ይነገራል። አንድ አባት 17 ፈረሶች ትቶ ሲሞት፣ ታላቁ ልጅ እኩሌታውን፣ መካከለኛው ሲሶውን፣ ታናሹ ከዘጠኝ አንዱን ይውሰድ ብሎ ተናዘዘ። ፈረስ አርዶ ማካፈል የለም። ልጆቹ 17ን ለሁለት ማካፈል አቅቷቸው ሲጣሉ፣ አንድ ሽማግሌ በገዛ ፈረሱ ተቀምጦ መጣ። ሽማግሌው ምን አደረገ?

(ዝምታ፤ 20 ሰከንድ)

ፈረሱን ከእነርሱ ፈረሶች ጋር አቆመው፤ 18 ሆኑ። ለታላቁ እኩሌታውን 9 ሰጠው፤ ለመካከለኛው ሲሶውን 6፤ ለታናሹ ከዘጠኝ አንዱን 2። 9ና 6፣ 2ም ሲጨመር 17 ሆነ። ሽማግሌው የራሱን ፈረስ ጋልቦ ወደ ቤቱ ሄደ።

ልጆቻችሁ «ይህ እንዴት ይሆናል» ብለው ቢጠይቋችሁ አስማት ነው አትበሏቸው። አባትዬው እኩሌታና ሲሶ ከዘጠኝ አንድም ብሎ ሲከፍል፣ ክፍያው ሙሉውን አልሞላውም ነበር፤ ሀብቱን 18 ቦታ ብንከፍለው 17ቱን ብቻ አድሎ አንዱን ለማንም ሳይናገር ተወው። ሽማግሌው ያደረገው ያን የተረሳ ድርሻ በሦስቱ ላይ ማዳረስ ነው፤ ስለዚህም እያንዳንዱ ልጅ ከሚገባው ጥቂት አብልጦ አገኘ፣ የተበደለም የለም። መልሱ ከኑዛዜው ቃል ውስጥ ነበረ፤ ደምሮ የተመለከተው ግን አልነበረም።

እንግዲህ እንደገና እናስታውሳችሁ። እንቆቅልሽ ከቤታችን ያለውን ነገር በአዲስ ዓይን እንድንመለከት ይጠይቃል። ስለዚህም ከሰማችሁት ይልቅ የፈጠራችሁት፣ ከፈታችሁትም ይልቅ ለሌላው ያሰናዳችሁት ልቡናችሁን አብልጦ ይስለዋል።

(የዋሽንት ዜማ በዝግታ ይጀምራል)

ለሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሥራ እንሰጣችኋለን። አንደኛው፣ ከደጃችሁ ቆማችሁ በዓይናችሁ ከምታዩት ነገር አንድ አዲስ እንቆቅልሽ ፍጠሩ። በአውንጂ የምትነጋገሩ ቤተ ሰቦች በአውንጂ ፍጠሩት፤ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁትንም በዚያው ቋንቋ ጻፉልን፤ በዝግጅታችን ላይ በተፈጠረበት ቋንቋ እናሰማዋለን። መልሱን በሌላ ወረቀት ለይታችሁ ጻፉ፤ እኛም እንድናስብበት።

ሁለተኛው ይህ ነው። አንዲት ርግብ ስትበር ከዛፍ ላይ ያረፉ ርግቦች አገኘችና፣ «እናንት 100 ርግቦች፣ እንደምን ዋላችሁ?» አለቻቸው። እነርሱም፣ «100 አይደለንም፤ እኛ፣ ሌሎች እኛን የሚያህሉ፣ የእኩሌታችን ያህል፣ የእኩሌታችን እኩሌታ ያህል፣ አንቺም ተጨምረሽ ነው 100 የምንሞላው» ብለው መለሱላት። ከዛፉ ላይ የነበሩት ርግቦች ስንት ናቸው?

ጥያቄውን እንደግመዋለን፤ እርሳስ ያላችሁ ጻፉት። እኛ፣ እኛን የሚያህሉ፣ የእኩሌታችን ያህል፣ የእኩሌታችን እኩሌታ ያህል፣ አንቺም ተጨምረሽ 100። ያልሆነላችሁ እንደ ሆነ በደብዳቤያችሁ ላይ የአንድ ሀገር ስም ጽፋችሁ ላኩልን፤ የምትሰጡንን ሀገር ተቀብለን፣ መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እንነግራችኋለን። ደኅና እደሩ።

(የዋሽንቱ ዜማ ከፍ ብሎ ዝግጅቱ ይፈጸማል)